የዴዚሬ ፍቺ

ዴን ሃግ፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእናትነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ ከጉልበቴ በስተቀር፣ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ዝናቡ ከመስኮቴ ሳይወርድ፣ ትራሙም ከበታቼ ማንቋረሩን ሳያቋርጥ፣ እኔም ከወንበሬ ብዙ ሳልነሣ፣ እነሆ መስከረም አልፎ ጥቅምት ተጋመሰ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት ስለ ቸልታ ሳይሆን፣ የጠየቅሽኝ ጥያቄ በእግረ መንገድ የሚመለስ ስላልመሰለኝ፣ በወጣትነቴ ፈረንሳይኛ የተማርሁባቸውን መጻሕፍት ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራቸውን እስካራግፍ ድረስ ጊዜ ስለ ወሰደብኝ ነውና ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ሆኖም አስቀድሜ ልወቅስሽ። ቤትሽ ቭላርዲንገን ሆኖ ሳለ ደብዳቤሽ ከአምስተርዳም መምጣቱ፣ አድራሻሽም እንደ አገራችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ መሆኑ ምንድን ነው? ፖስተኛ በየበሩ ቀዳዳ ደብዳቤ በሚያስገባበት አገር ሣጥን ያስፈለገሽ ለምንድን ነው? ፊደልሽስ? አዲስ አበባ በማታ ትምህርት ቤት ቁም ጽሕፈት ሳስተምር፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል «ጸ»ን በእግሯ ቀጥ አድርጋ የምታቆም አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ዛሬ ግን ቃላቱ ሁሉ ነፋስ እንደ መታው ማሽላ ወደ ግራ ተጋድመዋል። ትዳር ብዕር ያስረሳልን?

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። «ዴዚሬ የሚለውን የፈረንሳይ ስም ለምትወለደው ልጄ አስቤዋለሁና ፍቺውን በእጅዎ ጽፈው ይስጡኝ» ብለሽኛል። ዴዚሬ ማለት «የተፈለገች» ማለት ነው። ሥሩ የላቲን ነው፤ የጥንት ክርስቲያኖች፣ ብዙ ዘመን ልጅ ሲመኙ ኖረው በመጨረሻ የወለዱ እንደ ሆነ፣ ወንዱን ዴሲዴሪዩስ፣ ሴቲቱን ዴሲዴራታ ይሏቸው ነበር፤ ፈረንሳዮችም ወንዱን አሳጥረው ዲድዬ፣ ሴቲቱን አለስልሰው ዴዚሬ አሏት። ግእዛችን እኅት ይፈልግላት ብንል «ፍትውት» ይላታል፤ ይህን ስም ግን እንዳታወጪላት፤ የአማርኛ ጆሮ ፍትወት የሚለውን ሲሰማ ከሥጋ በቀር የሚያስበው ስለሌለ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶቹ ይስቁባታል። በግእዙ መጽሐፍ ግን መልአኩ ዳንኤልን፣ ያውም በምርኮ አገር ሳለ፣ «ብእሴ ፍትወት» ብሎ ይጠራዋልና፣ ቃሉ በአባቶች ዘንድ የተከበረ እንደ ነበር እወቂ።

በዚህ ስም ከተጠሩት ሁሉ ዝናዋ የገነነው የአንድ የማርሴይ ነጋዴ ልጅ ናት። በልጅነቷ ለናፖሌዎን ታጭታ ነበር፤ እርሱ ሌላ ባገባ ጊዜ እርሷ አንድ የጦር አለቃ አገባች፤ ያ የጦር አለቃም የስዊድን አልጋ ወራሽ ይሆን ዘንድ በተመረጠ ጊዜ፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው፣ ብርዱ አጥንት ወደሚሰብረው አገር ባሏን ተከትላ ሄደች፤ በፍጻሜውም ዘውድ ጭና ንግሥት ዴሲዴሪያ ተባለች። ሚስት ባሏን ተከትላ በታገሠች ጊዜ የምታገኘው ክብር እንዲህ ያለ ነው።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው እሑድ ባልሽ አበጋዝ፣ ከሮተርዳም ቅዳሴ ሲመለስ ወደ እኔ ጎራ ብሎ፣ «የኔታ፣ የሰው ሚስት ስትቆጣ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ የኔዋ ወደ ሶሻል ሄደች!» ብሎ፣ የችግረኛ መርጃውን መሥሪያ ቤት ማለቱ ነው፣ ካሳቀኝ በኋላ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ አንድ ነገር ለመነኝ፤ ልጂቱ ስትወለድ «ዕርቅይሁን» ትባልልኝ ይላል። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። እኔ በሠርጋችሁ ዕለት በመካከላችሁ የቆምሁ የነገር አባታችሁ ነኝ፤ ከሁለት አንዳችሁ ብትቀየሙ ክርክሩን የምሰማ፣ የምፈርድም እኔ እንደሆንሁ ሁለታችሁም እጄን መትታችሁ ምላችሁልኛል። እንግዲህ ፈረንሳይኛውን ለመጻሕፍት ትተሽ ስለ ዕርቅይሁን አስቢ።

የነገር አባትሽ፣
ወርቅአፈራሁ ብዙነህ


አምስተርዳም፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1996

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ ለየኔታ ወርቅአፈራሁ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ይህ እርጥበት ጉልበትዎን እንዳይጎዳብኝ በየዕለቱ አስባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሕፃኗም ደኅና ናት፤ አዋላጇ የልቧን ምት በመሣሪያ አሰምታኛለች።

ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ጻፍሁ ይቅር ይበሉኝ፤ እዚህ ቀጠሮ የሚሰጡኝ ሰዎች ሁሉ በእርሱ ስለሚኖሩ፣ የእኛን ወር ስቆጥር አንዱ ቀጠሮ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። ስለ ፊደሌም ይቅር ይበሉኝ። ቀኝ እጄ ገና አልታዘዝ ስላለችኝ የምጽፈው በግራዬ ነው። ስለ እጄ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያለሁበትን ቤት ልነግርዎት አልችልም። በሩ ላይ ስም የለውም። በውስጡ ያለን፣ ከየባሎቻችን የሸሸን ሴቶች ሁሉ ለማንም እንዳንናገር ቃል ገብተናል፤ አንዷ ለወንድሟ ብትናገር የሁላችንም በር ተከፈተ ማለት ነውና። ደብዳቤ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ከሣጥኑ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ በከረጢት ታመጣልናለች። የክፍሌ መስኮት ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገዱ አይከፈትም። ወደ ገበያ የወጣሁ እንደ ሆነ ጸጉሬን እሸፍናለሁ፤ የሐበሻ ሴት ካየሁ ወደ ሌላ መደርደሪያ ዞር እላለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ አማርኛ ስሰማ መሸሽ።

ክፍሌን የምትጋራኝ አንዲት የዛየር ሴት አለች፤ ዴዚሬ የእርሷ ስም ነው። በዚህ ቤት ስም ሲጠራ ሁሉም ይደነግጣል፤ ማን መጣብኝ ይላል። የእርሷ ስም ሲጠራ ግን የጠሪዋ ድምፅ ራሱ ይለሰልሳል። ስለዚህ ወደድሁት። ደብዳቤዎን በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ባነበብሁላት ጊዜ በጣም ሳቀች። በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ያደገች ናትና ታሪኩን ታውቀዋለች። «ያቺ ንግሥት ስዊድን የቆየችው አንድ ክረምት አይደለም እንዴ? ባሏን እዚያው ትታው ፓሪስ ስንት ዓመት ተቀምጣለች! መምህርሽ ገጽ ዘልሏል በይው» አለችኝ። እውነት ነው የኔታ? ገጽ ዘልለዋል?

የጠየቅሁዎት ፍቺም አንድ ብቻ አልነበረም። ቃሉን ለሁለቱም ትርጉሙ ጽፌው ነበር፤ ሁለተኛውን በግልጥ ለመጻፍ አፍሬ፣ እርስዎ ቃል ሲፈቱ የኖሩ ነዎትና ያዩታል ብዬ ነበር። እንግዲህ በግልጥ ልበለው። በሠርጌ ዕለት ያሰሩትን ይፍቱልኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ በአበጋዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጣሁት በሚስትነት ስለሆነ፣ ከእርሱ ለምን እንደ ተለየሁ የሚያስረዳልኝ ካላገኘሁ ወደ አገሬ ይመልሱኛል፤ ልጄን ደግሞ ለእርሱ ሊሰጡብኝ ይችላሉ። ቤቱ ያቆመልኝ ጠበቃ፣ «ሁለታችሁንም የሚያውቅ የተከበረ ሰው ምስክርነት ይጻፍልሽ፤ ያለዚያ ቃልሽ ብቻውን ነው» ብላኛለች። ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?

ዕርቅይሁን ስለሚለው ስም ደግሞ ያስቡልኝ። ከእንቅልፏ ስቀሰቅሳት፣ ለጡት ስጠራት፣ በእንግዳ ፊት ሳስተዋውቃት «ዕርቅ ይሁን» እያልሁ ልኖር ነው? እርሱ ደጄ ሳይደርስ በገዛ አፌ ራሴን ወደ ቤቱ ልጣራ ነው?

ተማሪዎ፣
እናትነሽ


ዴን ሃግ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.፣ በጽዮን ማርያም በዓል

ይድረስ ለልጄ ለእናትነሽ፤

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቴም ከማላውቃት ሴት የመጣ መሰለኝ።

ስለ ንግሥቲቱ የጠየቅሽውን አስቀድሜ ልመልስ፤ ገጽ ዘልሏል መባል ለመምህር ቀላል ስድብ አይደለምና። እርሷ የመጀመሪያውን ክረምት መታገሥ አቅቷት ወደ ፓሪስ እንደ ተመለሰች፣ በዚያም ከባሏ ርቃ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ተቀመጠች እውነት ነው፤ ነገር ግን ለምክር የማይጠቅመውን ማለፍ የመካሪ ሥልጣን ነው፤ ደግሞስ በመጨረሻ ወደ ባሏ ተመልሳ አልነገሠችምን? የዛየሯ ሴት ይህንንም ታውቅ እንደ ሆነ ጠይቂልኝ።

ወደ ፍቺ እንመለስ። «ፈታ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ሰፊ ርስት ያለው ነው፤ እስረኛ ይፈታል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ባለቅኔ ያሰረውንም ምሥጢር ሊቅ ይፈታል፤ እኔ በዚህ ሁሉ ስፈታ ሸምግያለሁ፤ ባልና ሚስት ግን ፈትቼ አላውቅም፤ በአንቺም አልጀምርም። ለፈረንጅ ዳኛ ምስክርነት ስለ መጻፉም ቢሆን፣ የቤት ገመና ከሽማግሌ ጉባኤ ተሻግሮ በማያውቁን ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋ ዘንድ እጄን አልሰጥም። እኛ በሰው አገር የቀረን ሀብት ቢኖር እርስ በርሳችን መሸፋፈናችን ነውና።

እጅሽን ስለ ጎዳሽው አዘንሁ፤ ነገሩንም ካንቺ ሳይሆን ከአበጋዝ መስማቴ ቅር አሰኘኝ። ትናንት ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ፣ ከበታቼ የምትኖረው ሉችያ የምትባል የአስመራ ሴትም እንደ ልማዷ ዳቦ ይዛልኝ ወጥታ ተቀምጣ ነበር።

«አበጋዝ፣ የዚች ልጅ ቀኝ እጅ ምን ሆኖ ነው?» አልሁት።

«ምን ላድርግ የኔታ፣ የዚህ አገር ደረጃ ነዋ! የቤታችንን ደረጃ ስትወርድ ተንሸራታ ወደቀች። ደረጃ አይሉት መሰላል፤ እኔ ራሴ ስንቴ ልሞትበት!» አለኝ።

እኔም እውነቱን ነው ብዬ የሆላንድን አናጢዎች ሁሉ ረገምሁ፤ የገዛ ሕንፃዬ ደረጃ ምን እንደሚያደርገኝ አምላክ ያውቃልና። እርሱ በሄደ ጊዜ ሉችያ ኩባያዎቹን እያነሣች፣ «መምህር፣ ያ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው» አለችኝ። ሰው አትሚ ብዬ ብገሥጻት፣ «አንተ ደግሞ ስም ስትፈታ ትውላለህ፣ ሰው ስታስር ታድራለህ» ብላ በሩን ዘጋችው። የዚች ሴት ምላስ እንዲህ ነው፤ አትቀየሚብኝ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ሮተርዳም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ እኔም በመካከል እሆናለሁ። ትመጫለሽ። ቃል አለብሽ።

የነገር አባትሽ፣
ወርቅአፈራሁ


አምስተርዳም፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1996

ይድረስ ለየኔታ ወርቅአፈራሁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሉችያ የምትባለውን እናት ባላውቃትም እጅ ይንሡልኝ።

ሮተርዳም አልመጣም። ቃሌን ማጠፌ ነውና ይቅር ይበሉኝ፤ ይቅር ባይሉኝም አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሰው ቆሟል ተብሎ መጋረጃው ሁሉ ተዘጋ፤ ልጆቹን ከወለሉ ላይ አስተኛናቸው። ሰውየው የማን ባል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በመጋረጃው ቀዳዳ ግን እያንዳንዳችን ያየነው የየራሳችንን ነው።

ስለ ደረጃው ምንም አልጽፍልዎትም። እኔ ብናገር የእኔ ቃል በአንድ ወገን፣ የእርሱ ቃል በሌላ ወገን ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳቸው መካከሉን ይይዛሉ። አጥንት ግን መካከል የለውም፤ ወይ ይሰበራል ወይ አይሰበርም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ባለፈው ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ ቤታችንን ሊባርኩልን ቭላርዲንገን ሲመጡ፣ ጉልበትዎ እንዴት አድርጎዎት እንደ ነበረ ያስታውሱ። እንዴት እንደ ገቡም ያስታውሱ። ደጃፉ ላይ ቆመው የተናገሩትን እኔ አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ እንዳዩት ይፍረዱ።

እናትነሽ


ዴን ሃግ፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን

ልጄ፤

ደርሶኛል። ነገ ሉችያ ክንዴን ይዛ ወደ ቭላርዲንገን ትወስደኛለች።

ወ.


ዴን ሃግ፣ ጥር ፪ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእናትነሽ፤

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰሽ። በበዓል ሳልጽፍልሽ መቅረቴን እንደ በደል እንጂ እንደ ሕመም አትቁጠሪልኝ፤ ጤነኛ ነበርሁ፤ ቃል ግን አጥቼ ነበር፤ ይህም በዘመኔ ሁሉ ደርሶብኝ የማያውቅ ነገር ነው።

ቭላርዲንገን ሄድሁ። ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ ሁሉም ተመለሰልኝ፤ ያን ጊዜ ጉልበቴ እንደ እንጎቻ አብጦ፣ ከባቡሩ ጀምሮ «ይህ ቤት ስንት ደረጃ ይኖረው ይሆን» እያልሁ ስሠጋ መጥቼ፣ በሩ ከመንገዱ እኩል ተከፍቶ፣ ከበሩም አልፎ እስከ ጓሮው ድረስ አንድም ከፍታ ሳያደናቅፈኝ ብገባ፣ ከደስታዬ ብዛት ገና ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «ጉልበቴን ያላስለቀሰ ቤት ሰላም አይጣ!» ብዬ ስመርቅ፣ አንቺም አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ስትስቂ። ይህን እኔ ነበርሁ የተናገርሁት። ተናግሬም ረሳሁት፤ አናጢዎቹንም ረገምሁ።

«አበጋዝ፣ ደረጃው የት ነው?» አልሁት፣ ከተቀመጥሁ በኋላ።

«የቱ ደረጃ፣ የኔታ?»

«እናትነሽ የወደቀችበት።»

«እ... እርሱማ የባቡር ጣቢያው ነው።»

«የቤታችን ብለኸኝ ነበር።»

«ኧረ የኔታ! ተሳስተው ሰምተው ነው እንጂ። ምን ይደረግ፣ ዕድሜም አለ።»

ይህን ጊዜ ሉችያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ «ታዲያ እኔም አብሬው አረጀሁ? እኔም የሰማሁት የቤታችን ስትል ነው» አለችው። እርሱም ሳቀ፤ እውነትም የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፍልሽም፤ ሉችያ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም ነበር ማለት ይበቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌዎቹ፣ «መምህር ደክመዋል፤ ይረፉ» ብለው በእኔ ቦታ ሌላ ሰው መርጠዋል። ለገና በዓል ሮተርዳም ሄጄ ሳለ የተለመደችው ወንበሬ ተይዛ ጠበቀችኝ፤ በስልክም የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ያንቺ በር ስም የለውም፤ የእኔ በር ስም ተጽፎበታል፣ የሚያንኳኳው ግን የለም። ከዚህ ወንበር ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ? በዚህ ዕድሜ አዲስ ማኅበር አይገኝም። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን፣ አንቺ ለወራት የኖርሽበትን ኑሮ እኔ በጥቂቱ አሁን መቅመሴን እንድታውቂ ነው።

አሁን ስለ ስሙ። ገጽ ዘልሏል ያለችኝ የዛየሯ ሴት ካሰበችው በላይ እውነት ተናግራለች። ያን የላቲን ግሥ አንዳንድ ሊቃውንት፣ ሌሎች ቢጠራጠሩም፣ ኮከብ ከሚለው ቃል ያወጡታል፤ በኮከብ የሚመራ መንገደኛ ደመና ኮከቡን በጋረደበት ጊዜ፣ የማይታየውን እያሰበ ወደ ሰማይ እንደሚያይ ማለት ነው ይላሉ። ቃሉም በጥንቱ ላቲን በአጠገብ የሌለውን ማሰብ፣ መጉደሉን መታመም ነበር። ስለዚህ «የተፈለገች» ብዬ የፈታሁልሽ ስሕተት ነው። መፈለግማ አበጋዝም ይፈልግሻል፤ ፖሊስም ሌባ ይፈልጋል። ዴዚሬ የተናፈቀች ናት። በአማርኛችን እውነተኛ እኅቷ «ናፍቆት» ናት፤ ፈላጊና ናፋቂ አንድ እንዳልሆኑ ግእዝና ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝ ሊቃውንት አልነገሩኝም፤ ያወቅሁት ካንቺ ነው። ስሙን አውጪላት። ዕርቅይሁን የሚለውን እኔ ሽሬዋለሁ።

ምስክርነቱንም እነሆ ልኬልሻለሁ። በመጀመሪያ የጻፍሁት ከዚህ ደብዳቤ የሚረዝም ነበር፤ ከመጽሐፈ ምሳሌ ጀምሮ፣ በፍትሐ ነገሥት አልፎ፣ ስለ ትዳር ክብር ብዙ የሚል። ለሉችያ ባነበው፣ «መምህር፣ ዳኛው ሆላንዳዊ ነው፤ ግሡ እስኪመጣልህ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም» አለችኝ። ቀደድሁት። ሌላም ጻፍሁ፤ እርሱንም ቀደድሁት። የቀረው በተለየ ወረቀት ላይ ያለው ነው፦

«እኔ ወርቅአፈራሁ ብዙነህ፣ የእናትነሽና የአበጋዝ የነገር አባት ነኝ። ባልየው፣ ሚስቱ እጇን የሰበረችው ከቤታቸው ደረጃ ወድቃ እንደሆነ ነግሮኛል። ቤታቸውን ገብቼ ባርኬዋለሁ። ቤታቸው ደረጃ የለውም።»

ያሰርሁትን ፈትቻለሁ፤ በሁለቱም ፍቺው።

መምህርሽ፣
ወርቅአፈራሁ


አምስተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ይድረስ ለመምህሬ ለየኔታ ወርቅአፈራሁ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ልጄ ተወልዳለች። ደኅና ናት፤ ጸጉሯ ጥቁር ነው፤ ስታለቅስ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። ቶሎ ሳልጽፍልዎት መቅረቴ ስለ ምጡ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ያዩታል።

በሦስት ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ስለሆነ ከአንዲት የቤቱ ሠራተኛ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ እነሱ ገሜንተ ወደሚሉት፣ ሄድን። ጸሓፊዋ «ዴዚሬ» የሚለውን ስትጽፍ «ሞይ፣ ሞይ» አለች፤ ያምራል ማለቷ ነው። ከዚያ የአባትየውን ወረቀት ከመዝገብ አውጥታ የቤተሰቡን ስም ጨመረችበት። ትዳሩ ገና በሕግ ስላልፈረሰ ይህን እንቢ ማለት አልችልም፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የእርሱን ስም እስክትጽፍ ጠበቅሁ። የጻፈችው ግን «ዴዚሬ ሽባባው» ብላ ነው። እዚህ አገር የአበጋዝ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበው የአባቱ የአቶ ሽባባው ስም ነውና። እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ልጄ የአባቷ ታናሽ እኅት ሆናለች! ወጥቼ ትራም እስኪመጣ ስጠብቅ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሠራተኛዋ ምን ነካት ብላ አየችኝ። ለሉችያ ይንገሩልኝ፤ እርሷም ትስቃለች። ልጄ በተጠራች ቁጥር አበጋዝ የሚለው ስም ከስሟ ኋላ አይከተላትም። በሕጋቸው ስሕተት አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ።

ምስክርነትዎን አስተርጓሚው ለጠበቃዋ አነበበላት። «ቀሪውስ?» አለች። «ይኸው ነው» አላት። ድጋሚ አስነበበችው፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አያያዘችው። ውሳኔው ገና ነው። ወራት ይፈጃል ይላሉ፤ ሊያምኑንም ላያምኑንም ይችላሉ። ማታ ማታ በሩ ዛሬም ይቆለፋል። ልንዛወር ነው፤ ወዴት እንደሆነ ለእኛም አልተነገረንም፣ ቢነገረኝም አልጽፍልዎትም። ያቺን የዛየር ጓደኛዬን ከልጄ መወለድ በፊት ሌላ ቦታ ወስደዋታል፤ አንድ ቀን ከሐኪም ስመለስ አልጋዋ ተነጥፎ አገኘሁት። ስለዚህ አሁን ዴዚሬ ብዬ ስጠራ ሁለት ሰው ነው የምጠራው፤ አንዷ በክንዴ ላይ ናት፣ አንዷ የት እንዳለች አላውቅም። ፍቺውን በትክክል እንዳረሙልኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እርስዎንም ላሳያት እወድ ነበር። አልችልም። ፎቶግራፍ እንኳ፣ ኋላዋ ያለው ግድግዳ ይታያል ብለው ከልክለውኛል።

ይህን ደብዳቤ በቀኝ እጄ ነው የጻፍሁት። የዘገየሁትም ስለዚሁ ነው፤ በየቀኑ ከሁለት መሥመር በላይ አልቻልሁም። ጸጉሯን፣ ጸሓፊዋን፣ ሌላም ቃል እየፈለግሁ ብዙ «ጸ» ጽፌያለሁ። እባክዎ በቀይ ብዕር ይመልከቱልኝ፤ የተጋደሙትን አርመው ይመልሱልኝ፤ በእግሯ የቆመች ካለች ደግሞ ያክብቡልኝ።

የሣጥኑ ቁጥር ያው ነው።

ተማሪዎ፣
እናትነሽ